ከአደን ወደ ዒላማ፤ የሩቅ ተኩስ ዕውቀት በአሜሪካ አዳኞች ዘንድ ከ1861 እስከ 1889 ዓ.ም.

፩

የአደን ታሪክ ብዙውን ጊዜ የመሣሪያ ታሪክ ሆኖ ይጻፋል። ከጦር ወደ ቀስት፣ ከቀስት ወደ ጠመንጃ፣ በአፈሙዙ ከሚጎርሰው ጠመንጃ ከኋላው ወደሚጎርሰው የተደረገው ለውጥ በተራ ይዘረዘራል፤ መሣሪያው በረቀቀ መጠንም አዳኙ አብሮ የረቀቀ ይመስላል። ይህ አጻጻፍ ግን አንድ መሠረታዊ ነገር ይዘነጋል። የአዳኝ ዋና ጥበቡ መተኮስ ሳይሆን መቅረብ ነው። ዱካ መለየት፣ ነፋስን በፊት ተቀብሎ መሄድ፣ ደረቅ ቅጠል ሳይረግጡ መራመድ፣ አድፍጦ መቆየት፣ እነዚህ ሁሉ በሰውና በአውሬ መካከል ያለውን ርቀት ለማሳጠር የተገኙ ዘዴዎች ናቸው። የሩቅ ዒላማ የሚመታ ሰው ጥበብ ከዚህ የተለየ ነው። እርሱ ካለበት ቦታ አይነቃነቅም፤ ርቀቱን እንዳለ ተቀብሎ ይለካዋል፣ ያሰላዋል።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። ዕድሜውን በአደን ያሳለፈ ሰው የሩቅ ተኩስ ሲጀምር የቀድሞ ዕውቀቱን ያራዝማልን፣ ወይስ አዲስ ትምህርት ቤት ይገባል? የተማረውን ይዞ ወደ አደኑ ሲመለስስ በአውሬውና ከአውሬው ሥጋና ቆዳ በሚኖረው ሕዝብ ላይ ምን ያስከትላል?

ይህን ለመመርመር የተባበሩት አሜሪካ ከ1861 እስከ 1889 ዓ.ም. ያለው ዘመኗ ተስማሚ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) በነዚህ ዓመታት አዳኙ አንድ ጊዜ የጦር ሠራዊት አልሞ ተኳሽ፣ ሌላ ጊዜ ለቆዳ ነጋዴ የሚገድል ባለሙያ ሲሆን እናያለን፤ በዚያው ዘመን ደግሞ የሩቅ ተኩስ ከአደን ተለይቶ ራሱን የቻለ የዒላማ ትምህርት ሆነ።

፪

ትሩማን ሄድ በ1809 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ግዛት ተወለደ። ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ ከጎረፉት ሰዎች አንዱ ሆኖ ከሄደ በኋላ፣ ግሪዝሊ የተባለውን ትልቅ ድብ በማደን ታወቀ። በ1861 ዓ.ም. የሰሜንና የደቡብ ጦርነት ሲነሣ ዕድሜው ከ50 ዓመት አልፎ ነበር። እንዲህም ሆኖ ሂራም በርዳን የተባለው መኰንን ለሰሜኑ ወገን ባቋቋመው የአልሞ ተኳሾች ክፍለ ጦር ውስጥ ገባ። ወታደሮቹም ጋዜጦቹም «ካሊፎርኒያ ጆ» ይሉት ነበር።

ወደ በርዳን ክፍለ ጦር የሚገባ ሰው ፈተና ነበረበት። በ200 ያርድ (183 ሜትር ያህል) ርቀት ላይ 10 ጥይት ይተኩሳል፤ ከዚያም እያንዳንዱ ጥይት ከዒላማው መካከለኛ ነጥብ ያለው ርቀት ተለክቶ ይደመራል። ድምሩ ከ50 ኢንች፣ ማለት ከ127 ሳንቲ ሜትር የበለጠበት አያልፍም። ለአንባቢ ይህ ተራ የወታደር ደንብ ሊመስለው ይችላል። ለአዳኙ ግን እንግዳ ዳኛ ነበር። በአደን ላይ ዳኛው አውሬው ራሱ ነው፤ ወደቀ ወይም አመለጠ። እዚህ ግን የሚፈርደው መለኪያ ነው፤ የአንድ ጥይት መልካምነትም ሌላውን ክፉ ጥይት አይሸፍንለትም። ጥሩ ዕድል የሚባለው ነገር በአሥሩ ጥይት መካከል ይሟሟል።

ሄድ ከኋላ የሚጎርሰውን የሻርፕስ ጠመንጃ በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ያዘ፤ ክፍለ ጦሩ በሙሉ ይህን መሣሪያ ያገኘው ከእርሱ በኋላ ነው። በ1862 ዓ.ም. የጸደይ ወራት በዮርክታውን ከበባ ላይ ስሙ ገነነ። ሆኖም በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ዓይኑ ስለ ደከመ ከሠራዊቱ ተሰናበተ። በ1875 ዓ.ም. ሞተ።

ይህ ፍጻሜ ልብ ሊባል ይገባዋል። ዓይኑ የደከመ አዳኝ ወዲያው አዳኝነቱ አይቀርም። ጆሮው፣ የዱካ ዕውቀቱ፣ የአውሬውን ጠባይ ማወቁና ትዕግሥቱ ይደግፉታል፤ አሥር እርምጃ የበለጠ በመቅረብ የዓይኑን ጉድለት ያካክሳል። የሩቅ ተኳሽ ግን ይህ መካካሻ የለውም። ሄድ በዕድሜው ሁሉ ካከማቸው ዕውቀት አዲሱ ሥራ ሊጠቀምበት የቻለው ከፊሉን ብቻ ነው፤ ትዕግሥቱን፣ የእጁን ጽናትና የመደበቅ ችሎታውን ወሰደለት። የቀረውን አልፈለገውም።

፫

ለምን እንዲህ እንደ ሆነ ለመረዳት የጥይቱን ጉዞ ማየት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን በጥቁር ባሩድ የሚተኰስ ከባድ የእርሳስ ጥይት 1,000 ያርድ (914 ሜትር) ለመድረስ ሦስት ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ምድር ወደ ታች ትስበዋለች፤ ከአፈሙዙ አቅጣጫ መስመር በታች ወደ 40 ሜትር ያህል ይወርዳል። ስለዚህ ተኳሹ አፈሙዙን ወደ ሰማይ ቀና ማድረግ አለበት። መጠኑን የሚያውቀው ደግሞ ርቀቱን በትክክል ካወቀ ብቻ ነው። በ1,000 ያርድ ላይ የ50 ያርድ የግምት ስሕተት ጥይቱን ከሦስት ሜትር በላይ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ቀለል ያለ የጎን ነፋስም በሜትር የሚቈጠር ያህል ከመንገዱ ያወጣዋል።

አዳኙ ነፋስን ያውቃል፤ ነገር ግን የሚያውቀው ሽታ ተሸካሚ አድርጎ ነው። ነፋሱ ከእርሱ ወደ አውሬው እንዳይሄድ ይጠነቀቃል እንጂ ጥይቱን በስንት ሜትር እንደሚገፋው አይጠይቅም፤ በቅርብ ርቀት ይህ አያሳስበውምና። ርቀትንም ያውቃል፤ ነገር ግን የሚያውቀው በችሎታው ልክ ነው፤ «ይደረስበታል» ወይም «አይደረስበትም» ይላል። አንድ ዓይነት ነፋስና አንድ ዓይነት ሜዳ ለሁለቱ ሰዎች ሁለት ልዩ ልዩ ትርጕም አላቸው።

፬

በተመሳሳይ ዘመን ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተ ምዕራብ ባሉት ሰፊ ሜዳዎች ላይ ሌላ ታሪክ ይካሄድ ነበር። ኮማንቺ፣ ካዮዋ፣ ሻየንና ሌሎችም ሕዝቦች ባይሰን በሚባለው የአሜሪካ ጎሽ ሥጋና ቆዳ ይኖሩ ነበር። አደናቸው የቅርብ አደን ነበር። ፈረሰኛው መንጋው ውስጥ ገብቶ ከሚሮጠው ጎሽ ጎን ጎን እየጋለበ፣ በጥቂት ክንድ ርቀት ላይ ቀስቱን ይሰድዳል። በፍላጻው ላይ ባለው ምልክት የትኛው ጎሽ የማን ግዳይ እንደ ሆነ ይታወቃል። ትልቁ የማኅበር አደን በሚደረግበት ጊዜ ሥርዓት አስከባሪዎች ይሾማሉ፤ ከትእዛዝ ውጭ ቀድሞ ሄዶ መንጋውን ያስበረገገ ሰው ይገረፋል፣ መሣሪያውም ይሰበርበታል። እንግዲህ በአዳኙና በአውሬው መካከል ያለው ርቀት በማኅበር ሕግ የሚጠበቅ ነገር ነበር ማለት ነው።

በ1871 ዓ.ም. ገደማ የጎሽ ቆዳ ለፋብሪካ መሣሪያ ማንቀሳቀሻ ቀበቶና ለልዩ ልዩ ሥራ እንዲውል የማልፋት ዘዴ በመገኘቱ የቆዳው ገበያ ደራ። ነጮቹ አዳኞች በብዛት ወደ ካንሳስ ሜዳ ወረዱ። አዳኙ በፈረስ አያሳድድም። ነፋስ ጠብቆ ከ100 እስከ 300 ያርድ በሚሆን ርቀት ላይ ይተኛል፤ ከባዱን የሻርፕስ ጠመንጃ በሁለት የተጠላለፉ እንጨቶች ላይ ያስደግፋል፤ መንጋውን የምትመራውን ላም ሳንባዋን ይመታታል። ላሚቱ ወዲያው ስለማትወድቅና ስለማትሮጥ፣ ሌሎቹ ሽታዋን እያሸተቱ በዙሪያዋ ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ ለመንቀሳቀስ የሞከረውን ብቻ እየመረጠ አንድ በአንድ ይጥላል። ጎሾቹ የሚገድላቸውን አያዩትም፤ ስለዚህ የሚሸሹበትን አቅጣጫ አያውቁም። ቆዳውን የሚገፍፉት ሌሎች ቅጥረኞች ናቸው፤ ሥጋው በአብዛኛው በስብሶ ይቀራል።

በ1867 ዓ.ም. የተፈረመው የሜዲሲን ሎጅ ውል ከአርከንሶ ወንዝ በስተ ደቡብ የማደንን መብት ለነባሮቹ ሕዝቦች ትቶላቸው ነበር። በ1874 ዓ.ም. የቆዳ አዳኞቹ ይህን ወንዝ ተሻግረው በቴክሳስ ሰሜናዊ ክፍል አዶቢ ዎልስ በተባለው ቦታ የንግድ ሰፈር አቋቋሙ። በሰኔ ወር በ27ኛው ቀን ኳና ፓርከር ከመሪዎቹ አንዱ የሆነበት የኮማንቺ፣ የካዮዋና የሻየን ጦር ሰፈሩን ወረረ። በውስጡ የነበሩት ሰዎች 30 እንኳ አይሞሉም፤ ነገር ግን በየቀኑ በሩቅ መተኮስ የለመዱ ነበሩና አጥቂዎቹን ከግንቡ አራቋቸው።

በሦስተኛው ቀን ቢሊ ዲክሰን የተባለው የ23 ዓመት አዳኝ በሩቅ ኮረብታ ላይ ከታዩት ፈረሰኞች ወደ አንዱ ተኰሰ፤ ሰውየውም ከፈረሱ ወደቀ። በኋላ ርቀቱ 1,538 ያርድ፣ ማለት 1,406 ሜትር ያህል እንደ ነበረ ተነገረ፤ ተኵሱም በአሜሪካ የድንበር ታሪክ ውስጥ እስከ ዛሬ ይወሳል። ዲክሰን ግን ከሞተ በኋላ በ1914 ዓ.ም. በታተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ነገሩን የዕድል ተኵስ ይለዋል እንጂ አይመካበትም። ከአድናቂዎቹ ይልቅ እርሱ እውነቱን ያውቀው ነበር። በዚያ ርቀት ጥይቱ አምስት ሴኮንድ ገደማ በአየር ላይ ይቆያል፤ በዝግታ የሚራመድ ፈረስ እንኳ በዚህ ጊዜ ከሰባት ሜትር በላይ ይሄዳል። ዲክሰን ከልጅነቱ ጀምሮ በሜዳ ያደገ ሰው ነው፤ ይደረስበታል ብሎ ተኰሰ፣ ደረሰም። ነገር ግን በሚቀጥለው ጥይት እንደሚደግመው የሚያረጋግጥለት ዕውቀት አልነበረውም።

፭

ከአዶቢ ዎልስ ውጊያ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በ1874 ዓ.ም. መስከረም ወር በ26ኛው ቀን፣ በኒው ዮርክ አጠገብ በሎንግ አይላንድ ክሪድሙር በተባለው ቦታ የአሜሪካና የአየርላንድ ተኳሾች ተጋጠሙ። ሜዳው የተከፈተው ከአንድ ዓመት በፊት በ1873 ዓ.ም. ነው። ያቋቋመው በ1871 ዓ.ም. ዊልያም ቸርችና ጆርጅ ዊንጌት የመሠረቱት የአገሪቱ የጠመንጃ ተኳሾች ማኅበር ሲሆን፣ የመሥራቾቹ ምክንያት ግልጽ ነበር። አሜሪካዊ ሁሉ የአዳኝ ልጅ ስለ ሆነ በተፈጥሮው ተኳሽ ነው የሚለውን እምነት ጦርነቱ ሐሰት አድርጎት ነበር፤ ከከተማና ከእርሻ የተመለመለው ወታደር በአብዛኛው መተኮስ አያውቅም ነበርና።

አይሪሾቹ በ1873 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በዊምብልደን ድል አድርገው የመጡ፣ በአፈሙዝ የሚጎርስ የሪግቢ ጠመንጃ የያዙ ነበሩ። አሜሪካውያኑ ከኋላ የሚጎርሱትን ሬሚንግቶንና ሻርፕስ ያዙ። በሬሚንግቶን ፋብሪካ የሚሠራው ሉዊስ ሄፕበርን ለዚሁ ውድድር የሚሆን ጠመንጃ ከማዘጋጀቱም በላይ ራሱ ከስድስቱ ተወዳዳሪዎች አንዱ ነበር። እያንዳንዱ ሰው በ800፣ በ900 እና በ1,000 ያርድ ላይ 15 ጥይት ይተኩሳል፤ የዒላማውን መካከል የመታ ጥይት አራት ነጥብ ያስቈጥራል።

የአሠራሩ ዝርዝር ከአደን ምን ያህል እንደ ራቀ ያሳያል። የማነጣጠሪያው ከፍታ እጅግ በደቀቁ ክፍልፋዮች ይስተካከላል፤ ጠመንጃው ወደ ጎን እንዳያዘነብል በፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ ውኃ ልክ ይደረጋል። ከፍተኛውን ነጥብ፣ ከ180 171፣ ያገኘው ሄንሪ ፉልተን በጀርባው ተንጋሎ ይተኩስ ነበር። አውሬ አጠገብ ያለ ሰው እንዲህ አይተኛም፤ ለመነሣትም ለመሸሽም አይመችምና። የክሪድሙር ተኳሽ ግን የሚያጠቃውም የሚሸሸውም ነገር የለም። በፊቱ ያለው ብረት ነው።

ውጤቱ ለጥቂት ተለያየ። ሚልነር የተባለው አይሪሽ የሌላ ሰው ዒላማ መካከሉን መትቶ አራት ነጥብ ቀረበት። አይሪሾቹ 931 ይዘው ጨረሱ፤ አሜሪካውያኑ 930 ላይ ሳሉ አንድ ጥይት ቀራቸው። ተኳሹ ኮሎኔል ጆን ቦዲን ጥቂት ቀደም ብሎ የዝንጅብል መጠጥ ጠርሙስ ፈንድቶ እጁን ስለ ቈረጠው፣ በመሐረብ ጠቅልሎ ተኰሰና መካከሉን መታ። 934 ለ931 ሆነ።

የቦዲንና የዲክሰን ጥይቶች በአንድ ዓመት፣ በአንድ አገር፣ ተቀራራቢ ዓይነት ባላቸው መሣሪያዎች የተተኰሱ ናቸው። በታሪክ መጻሕፍት ሁለቱም የአሜሪካውያን ተፈጥሯዊ ተኳሽነት ምስክሮች ሆነው ጎን ለጎን ይጠቀሳሉ። እንደ እኔ አስተያየት ግን እርስ በርሳቸው ይቃረናሉ። የቦዲን ጥይት ከ44 ጥይቶች በኋላ የመጣች አርባ አምስተኛይቱ ናት፤ ርቀቷ የተለካ፣ ነፋሷ የታየ፣ ከእርስዋ በፊት የተተኰሱት ያረሟት። የዲክሰን ጥይት ግን ብቻዋን የቆመች ናት። አንዷ ዕውቀት ናት፤ ሁለተኛይቱ ወሬ ሆና ቀረች።

፮

የክሪድሙር ዕውቀት በብረት ላይ ሳለ ማንንም አልጎዳም። ጥያቄው የሚነሣው ርቀት በሕይወት ባለው ነገር ላይ ሲውል ነው። በሜዳዎቹ ላይ የሆነው ይታወቃል። የደቡቡ መንጋ በ1870ዎቹ ውስጥ፣ የሰሜኑም በ1883 ዓ.ም. ገደማ አለቀ። የእንስሳት ሊቅ የነበረው ዊልያም ሆርናዴይ በ1889 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት በሰሜን አሜሪካ በሙሉ፣ በግቢ የተያዙት ጭምር፣ 1,091 ጎሾች ብቻ መቅረታቸውን ቈጥሮ አስታወቀ። ኮማንቺና ካዮዋም በ1875 ዓ.ም. ተሸንፈው በተከለለላቸው ምድር ለመኖር ተገደዱ።

ጥፋቱን በጠመንጃው ላይ ብቻ መጣል ስሕተት ይሆናል። የባቡር ሐዲዱ፣ የቆዳው ዋጋና የመንግሥቱ ፈቃድ ከጠመንጃው ያላነሰ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን አንድ ነገር የርቀት ሥራ ነው። የቅርብ አደን በራሱ ውስጥ ገደብ ነበረው። ፈረሰኛው ይደክማል፣ ፈረሱ ይወጋል፣ መንጋው ይሸሻል፣ ማኅበሩም ይቆጣጠራል። በርቀት የሚተኩሰው ሰው ከነዚህ ገደቦች ሁሉ ወጣ፤ የቀሩት የጥይቱ ብዛትና የጠመንጃው መጋል ብቻ ሆኑ። በክሪድሙር ተኳሹን የሚገዛው ሕግ ተጽፎ ነበር፤ በሜዳው ላይ ግን የድሮው ሕግ ሲፈርስ በስፍራው የተተካ አልነበረም።

ነገሩ ያለፈ ብቻ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. ለሩቅ ዒላማ የተሠራ አንድ አዲስ የጥይት ዓይነት ለገበያ ሲቀርብ «ክሪድሙር» ተብሎ ተሰየመ፤ ዛሬ ብዙ አዳኞች በርሱ ይጠቀማሉ። በብርሃን ጨረር ርቀትን የሚለካ መሣሪያም በአዳኙ ኪስ ይገባል፤ ክሪድሙር በልምምድ ያስተማረውን ከፊሉን መሣሪያው ይሠራለታል። ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1887 ዓ.ም. የመሠረተው የቡንና ክሮኬት ማኅበር በበኩሉ፣ አውሬው ሰውየውን ሊያውቅበት ከማይችልበት ርቀት መተኮስ ከአደን ሥርዓት ውጭ መሆኑን በይፋ አስታውቋል። ክርክሩ በዚያ አገር አዳኞች መካከል አሁንም አልተቋጨም።

፯

ይህ ታሪክ የኛን አገር የሚነካበት አንድ ቀጥተኛ መንገድ አለ። በክሪድሙር ድል ካደረጉት ጠመንጃዎች አንዱ የሆነው ሬሚንግቶን፣ በዚያው ዘመን የግብፅ ሠራዊት መሣሪያ ነበር። ከውድድሩ በኋላ ዓመት ከሁለት ወር ሳያልፍ፣ በ1875 ዓ.ም. ኅዳር ወር በ16ኛው ቀን፣ የግብፅ ጦር በጉንደት ሸለቆ ውስጥ በዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ሠራዊት ተደመሰሰ። በ1876 ዓ.ም. መጋቢት ወር ደግሞ በጉራዕ ላይ ዳግመኛ ተሸነፈ፤ በዚያ ጦር ውስጥ እንደ ጄነራል ሎሪንግ ያሉ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መኰንኖች ነበሩ። ብዙ ሬሚንግቶን ወደ ኢትዮጵያውያን እጅ የገባው በነዚህ ድሎች ነው።

በጉንደት ሩቅ የሚተኩሰውን ጠመንጃ የያዘው ጦር፣ ርቀቱን ባሳጠረው ጦር ተሸነፈ። ገደል፣ ሸለቆና ድንገተኛነት የጠመንጃውን ዋና ጥቅም አሳጡት። ይህን የጦር ስልት ብቻ አድርጎ ማየት ይቻላል። ነገር ግን አቀራረቡ አዳኝ የሚያውቀው አቀራረብ መሆኑም አይካድም። በአገራችን ልማድ የአንበሳና የዝሆን ገዳይ ጎፈር አድርጎ፣ ፎክሮ የሚከበረው አውሬውን ፊት ለፊት በመግጠሙ ነው፤ ክብሩ ከቅርበቱ የተለየ አይደለም።

ስለዚህ ጠመንጃ ከሕዝብ ወደ ሕዝብ ሲተላለፍ ምን አብሮ እንደሚተላለፍና ምን እንደሚቀር ለይቶ ማወቅ ለብሔረሰብ ጥናት ተገቢ ሥራ ነው። የመሣሪያዎቹ ስም፣ ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ሬሚንግቶን እየተባለ፣ በሚገባ ተመዝግቧል። የርቀት ቃላት ግን ገና የሚሰበሰቡ ናቸው። አረጋዊው አዳኝ «የድንጋይ ውርወራ ያህል»፣ «ጥሪ የሚሰማበት ያህል» ሲል ምን ያህል ማለቱ ነው? ከየትኛው ርቀት በላይ መተኮስን እንደ ነውር ይቈጥረዋል? የቈሰለውን አውሬስ እስከ የት ድረስ የመከተል ግዴታ አለበት? ተማሪዎች ወደየአውራጃቸው ሲሄዱ ከጠመንጃው ስም በፊት እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ቢጠይቁ፣ ከዲክሰን አንድ ጥይት የበለጠ የሚያስተምር መልስ ያገኛሉ ብዬ አምናለሁ። መልሱን የሚያውቁት ሽማግሌዎች በየዓመቱ እየጎደሉ ስለ ሆነ ሥራው ባይዘገይ መልካም ነው።